የውሃና የማሳ ወፎችን ለይቶ ማወቅ

በወለጋ ወፍን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቅ ማን ነው? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይገኝም። ማሽላው እሸት ሲሆን ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያጮኸው ልጅ ነው። ወፍ ሲንጫጫ ይወጣል፤ ወፍ ወደ ማደሪያው ሲገባ ይወርዳል። «ወፍ ጠባቂ» ይሉታል፤ የሚጠብቀው ግን ማሽላውን ነው።

ይህ ልጅ ወፎቹ በየት በኩል እንደሚመጡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበረቱ፣ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያርፉ ያውቃል። ለሁሉም ያለው መልስ ግን አንድ ነው፤ እሱም ድንጋይ ነው። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ትል ለቃሚውም፣ ፍሬ በሉም እኩል ይወነጨፍባቸዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ወፍ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። የትኛው ጠላት፣ የትኛው ረዳት፣ የትኛው ደግሞ መንገደኛ እንደሆነ መለየት ለገበሬ ይጠቅመዋል።

ወፍ ለማየት ብቻ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን የሚመጡ ሰዎች አሉ። አይተኩሱም፣ ወጥመድም አይዘረጉም። በመነጽር ያያሉ፣ በደብተር ይጽፋሉ፣ ይመለሳሉ። ይህን ስንናገር ብዙ አባቶች ይስቃሉ፤ «ሥራ የፈታ ሰው!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ነገሩ ያስቃል። ዳሩ ግን በኢትዮጵያ ከ860 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙ አሉ። ሰዎቹ የሚመጡት እነሱን ፍለጋ ነው። እኛ ደግሞ በደጃችን ሲያልፉ ቀና ብለን አናያቸውም።

ታዲያ ወፍ በምን ይለያል? መጀመሪያ ምንቃሩን ማየት ነው። ገበሬ ለእርሻው ማረሻ፣ ለአጨዳው ማጭድ፣ ለእንጨቱ መጥረቢያ አለው። ወፍ ግን ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፊቱ ላይ ተተክሏል፣ አይወልቅም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ምንቃሩን ያየ ሥራውን ያውቃል።

ድንቢጥንና ድንቢጥ የመሳሰሉትን እንይ። ምንቃራቸው አጭርና ወፍራም፣ ጫፉም ሾጠጥ ያለ ነው። እንደ ጉጠት ይይዛል፣ ፍሬውን ከገለባው ይፈለቅቃል። ይህ ፍሬ በል ነው። ምንቃሩ ቀጭንና ቀጥ ያለ ትንሽ ወፍ ግን ማሽላው ላይ ቢያርፍ እንኳ ማሽላ አይበላም፤ የመጣው ለትሉ ነው። ቀጭንና ቆልመም ያለ ከሆነ ደግሞ የአበባ ማር የሚመጥ ነው። እንደ ጦር የረዘመ ከሆነ ዓሣና እንቁራሪት ይወጋል። የዳክዬ አፍ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ጠፍጣፋ ነው፤ ዳርና ዳሩን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ ነገር ተደርድሮበታል። ዳክዬዋ ውሃውን ከነጭቃው ትጎርስና ውሃውን በጎን ታፈሰዋለች፤ ዘሩና ትሉ አፏ ውስጥ ይቀራል። እናቶቻችን ዱቄት በወንፊት ሲነፉ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

የውሃ ወፎችን ለማየት ከነቀምቴ ከተማ ወጣ ማለት ያስፈልጋል። በወለጋ ትልቁ ውሃ ያለው በሆሮ ጉዱሩ በኩል፣ ከሻምቡ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ የፊንጫ ሐይቅ ይባላል። ወጣቶች ሐይቁ ከጥንት የነበረ ሊመስላቸው ይችላል። ሽማግሌዎች ግን ከሐይቁ በፊት የነበረውን ያውቃሉ። ቦታው የጮመን ረግረግ ነበረ፤ ቄጠማና ሣር የሞላበት፣ በበጋ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ። የፊንጫ ወንዝ በዚያ አቋርጦ፣ ገደሉን ወርዶ ወደ ዓባይ ይገባል። ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል ወንዙ ተገደበ፤ ግድቡ በ1966 ዓ.ም. ገደማ አለቀ። ከዚያ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ገደማ የአመርቲ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ ተጨመረበት። ሐይቁ ሰፋ።

ውሃው ሲሰፋ የግጦሹን ሜዳ፣ የሚታረሰውንም መሬት ወሰደ። ሰውም ወደ ዳገቱ ወጣ። ዳገት ሲታረስ አፈር ይታጠባል፤ የታጠበው አፈር ዞሮ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። የኤሌክትሪኩ መብራት ሩቅ ከተማ ደረሰ፤ መሬቱ የተወሰደበት ሰው ግን ብዙ ዘመን በኩራዝ ነው ያመሸው። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በወፎቹም ላይ የደረሰው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ጥልቅ ውሃ የሚወዱት ተጠቀሙ። ዳክዬዎች፣ ዓሣ አጥማጅ ወፎች፣ እንዲሁም አካሏ ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ የሆነችው ዋናተኛ ወፍ ሰፊ ቤት አገኙ። ከጉልበት በማያልፍ ውሃ፣ በቄጠማ መካከል የሚኖሩት ግን ቤታቸው ሰጠመ። ወደ ሐይቁ ዳር ተገፉ። ሰውም ወደዚያው ዳር ተገፍቷል። እንግዲህ ሰውና ወፍ ዛሬ በአንድ ጠባብ ዳርቻ ላይ ይገናኛሉ።

በዚያ ዳርቻ ላይ ለመቆም ለሚፈልግ ሰው ስለ ጥቂቶቹ እንናገር። በደጋ ረግረግ ዳር ሣር የምትግጥ ግራጫ ዝይ አለች። ተቀምጣ ሲያዩአት የሚያስደንቅ ነገር የላትም፤ አቧራ የለበሰች ትመስላለች። ስትነሣ ግን ክንፏ ላይ ሰማያዊ ይገለጣል። ይህች ዝይ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ናት፤ በሌላ በየትም አገር በዱር አትኖርም። ሌላዋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቆልማማ ምንቃር ያላት፣ ከጉሮሮዋ ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልባት፣ ማልዳ እየጮኸች መንደሩን የምትቀሰቅሰው ናት። መሬቱን በምንቃሯ እየወጋች የአፈር ትል ታወጣለች። እሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትገኝም።

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ እንግዶች ይመጣሉ። በአውሮፓና በእስያ ክረምቱ በረዶ ነው፤ ውሃው ይደርቃል፣ ማለት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ዳክዬ በድንጋይ ላይ ምን ትበላለች? ስለዚህ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርረው ወደኛ ይመጣሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ነጭና ጥቁር ክንፍ፣ ቀይ ረጅም እግር ያለው የአውሮፓ ሽመላም ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ሽመላ አንበጣና ተምች ይለቅማል። ተምች በወረደበት ማሳ ላይ ሽመላ በብዛት ሲያርፍ ያየ ገበሬ፣ ያለ ክፍያ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነውና ልጆቹን «ተዉት» ሊላቸው ይገባል።

ከሁሉ በላይ ልናወራላት የምንፈልገው ግን ባለ ዘውዷ ናት። ቁመቷ የሕፃን ልጅ ያህላል፤ ሰውነቷ ጥቁር፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ራሷ ላይ እንደ ወርቅ ክር የቆመ ዘውድ ያላት ወፍ ናት። በየአገሩ ስሟ ይለያያል፤ እኛ ባለ ዘውዷ እንላታለን። የፊንጫና የጮመን ረግረግ ከሚታወቅባቸው ወፎች አንዷ እሷ ናት። በዓለም ላይ ቁጥሯ እየቀነሰ ነው። ምክንያቱም ጎጆዋን የምትሠራው በክረምት፣ በረግረጉ ውስጥ፣ ሣር ከምራ ነው። ዙሪያው ውሃ ስለሆነ ውሻና ቀበሮ አይደርስባትም። በቦይ ውሃው ሲጠፈፍ ግን ጎጆዋ መንገድ ላይ እንደተቀመጠ ሰፌድ ይሆናል። ውሻው ይደርሳል፣ ከብቱ ይረግጠዋል፣ እረኛውም እንቁላሉን ያነሣል።

እዚህ ላይ መነጋገር አለብን። መሬት ያጠረውን ሰው «ለወፍ ብለህ አትረስ» ማለት ቀላል ነው፤ ይህን የሚለው ሰው ግን የገበሬውን ልጆች አያበላም። እኛም እንዲህ አንልም። የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ይታሰብበት። ረግረግ እንደ ስፖንጅ ነው፤ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። በየካቲትና በመጋቢት ሌላው ሜዳ ሲነድ ሣር የሚገኘው እዚያ ነው። ሙሉ በሙሉ ቢጠፈፍ ለሁለትና ለሦስት ዓመት እህል ሊሰጥ ይችላል፤ የበጋው ሣርና ከሥሩ ያለው ምንጭ ግን አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ዳሩ ቢታረስ እንኳ ዝቅተኛው መካከሉ ይቅር። ሁለተኛ፣ ባለ ዘውዷ እንቁላሏን የምትታቀፈው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ጫጩቷ እንደ ዶሮ ጫጩት ናት፤ በተፈለፈለች በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ከወላጆቿ ኋላ ትሄዳለች። ጎጆ የተገኘበትን ቦታ ለአንድ ወር ብቻ ከብትና ውሻ እንዳይደርስበት ማድረግ ከማንም እንጀራ አይቀንስም። በመንደሩ ሽማግሌዎች ቃል ብቻ ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው።

አሁን ከውሃው ወጥተን ወደ ማሳውና ወደ ደኑ ዳር እንምጣ።

ከደጃችን እንጀምር። አውድማው ላይ፣ ሙቀጫው ሥር፣ የወደቀች ፍሬ የምትለቅም፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ቀይ ወፍ አለች። ሴቷ ቡናማ ናት። ይህች ወፍ ሰብል አታጠፋም፤ የምትበላው ትርፍራፊና የአረም ዘር ነው። ይልቅስ ተበዳይ ናት። አንድ ሌላ ትንሽ ወፍ አለ፤ ወንዱ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ሰማያዊ ያንጸባርቃል። የዚህ ወፍ ሴቷ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን ቀይዋ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ቀይዋም የሰው ልጅ መሆኑን ሳታውቅ ታሳድጋለች። የጫጩቱ አፍ ውስጥ ያለው ምልክት እንኳ የቀይዋን ጫጩቶች ይመስላል። የሚገርመው ሌላ ነው። ወንዱ ልጅ ሲያድግ የሚዘምረው ያሳደጉትን የቀይዎቹን ዜማ ነው። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» የሚባለው ተረት ለዚህ ወፍ በትክክል ይሠራል።

ቀጥሎ ቀይና ጥቁር፣ ወይም ቢጫና ጥቁር ሆኖ በክረምት ሣር ላይ ተነፋፍቶ የሚበርረው ወፍ ነው። ይህ ወፍ ከክረምቱ በኋላ «ጠፋ» ይባላል። አልጠፋም። ልብሱን አውልቆ ነው። ወንዱ ለመራቢያ ጊዜ የለበሰው ደማቅ ላባ ይረግፍና ልክ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ በመንጋ ሆኖ ማሳ የሚገባው ቡናማ ወፍ፣ በነሐሴ ደስ ብሎን ያየነው ቀዩ ወፍ ራሱ ሊሆን ይችላል። ይህ ወፍ እህል ይበላል፤ አንሸሽገውም።

ጎጆውን ከሣር ሸምኖ ዛፍ ላይ የሚያንጠለጥለው ሸማኔ ወፍም እህል ይበላል። ነገር ግን ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍሬ መፍጨት ስለማይችሉ ትልና አንበጣ እያመላለሰ ነው የሚቀልባቸው። ይህ የሚሆነው ሰብሉ ገና ለጋ ሆኖ ትል በሚያጠቃው ወራት ነው። እንግዲህ አንዱ ወፍ በክረምት ረዳት፣ በአጨዳ ጊዜ ሌባ ይሆናል ማለት ነው። ወፍ ጠባቂ የሚያስፈልገው በሌብነቱ ወር ነው። በረዳትነቱ ወር ጎጆውን በረጅም እንጨት ማፍረስ ትርፉ ለትሉ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግሪሳ ነው። ግሪሳ በቆላ የሚኖር፣ ከድንቢጥ ያነሰ፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነ ወፍ ነው። በዓለም ካሉት የዱር ወፎች ሁሉ በብዛት የሚተካከለው የለም። ሲመጣ እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ነው። አንዱ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል ይበላል። እስቲ አብረን እናስላው። 1 ሚሊዮን ግሪሳ በቀን 10 ሚሊዮን ግራም ይበላል። ይህ 10,000 ኪሎ ነው፤ 10,000 ኪሎ ደግሞ 100 ኩንታል ነው። በአንድ ቀን! ለዚህ ወንጭፍ አይበቃም። በመንግሥትና በምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በኩል፣ ግሪሳው በሚያድርበት ቦታ መድኃኒት በአውሮፕላን ሲረጭ ቆይቷል። መድኃኒቱ ግን ግሪሳን ብቻ መርጦ አይገድልም። የተመረዘውን ግሪሳ የሚበሉት ጭልፊትና ጉጉት አብረው ይሞታሉ። እነሱ ደግሞ የአይጥ ጠላቶች ናቸው።

በዚህ ምክንያት አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። የተባይ መድኃኒት ከእህል ጋር ለውሶ ለወፍ መበተን አይገባም። የተበተነውን ዶሮ ይለቅመዋል፣ ሕፃንም ያነሣዋል። ሞቶ የተገኘ ወፍም አይበላ። ወፍን ለመቀነስ የሚጠቅመው ጎረቤታሞች ተነጋግረው ማሽላውን በአንድ ሰሞን መዝራት ነው። ሁሉም አብሮ ከደረሰ ጉዳቱ ይከፋፈላል፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ብቻውን የደረሰ ማሳ ግን የአገሩን ወፍ ሁሉ ብቻውን ይቀልባል። የደረሰውንም ሳያውሉ ማጨድ ነው።

«ታዲያ ወፍን ሁሉ ፈጅተን አንገላገልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይህ በቻይና አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1958 የቻይና መንግሥት አይጥ፣ ዝንብ፣ የወባ ትንኝና ድንቢጥ ይጥፉ ብሎ አዋጅ አወጣ። ሕዝቡ ወጥቶ ድስትና ከበሮ እየመታ ድንቢጦቹን ማረፊያ ነሣቸው፤ እየበረሩ ደክመው ወደቁ። ድንቢጥ ሲያልቅ ግን ድንቢጥ ይበላው የነበረው ተባይ በረከተ፤ ሰብሉንም ጎዳው። በዚያን ዓመታት በቻይና ብርቱ ረኃብ ሆነ። የረኃቡ ምክንያት ብዙ ነው፤ የድንቢጧ ማለቅ ግን አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጣችና በእሷ ቦታ ትኋን ገባ።

በተቃራኒው ደግሞ ወፍ እንዲመጣላቸው እህል ገዝተው የሚያቀርቡ አገሮች አሉ። እህሉስ ምን ይመስላችኋል? ኑግ ነው! የኑግ የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ነው፤ ወለጋም በኑግ ከታወቁት አገሮች አንዱ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ኑግ በትንሽ ከረጢት ገዝተው መስኮታቸው ላይ ይሰቅላሉ፤ ድንቢጥ የመሳሰሉ ትናንሽ ወፎች ሲለቅሙ እያዩ ይደሰታሉ። አሜሪካኖች ኑጉን አገራቸው ከማስገባታቸው በፊት በሙቀት ያሳልፉታል፤ ከኑጉ ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር እንዳይበቅልባቸው ነው። እኛ ከኑጋችን ላይ በወንጭፍ የምናባርረው ዓይነት ወፍ ሌላ አገር በኑጋችን ተጋባዥ ነው ማለት ነው።

ስለ ደን ወፎች በአጭሩ እንናገር። ከነቀምቴ ብዙ ሳይርቅ የቆምቶ ደን አለ። እንዲህ ባለው የተራራ ደን ውስጥ ግዙፍ ምንቃር ያላቸውና ከሩቅ የሚጮኹ፣ እንዲሁም አካላቸው አረንጓዴ ሆኖ ሲበርሩ ክንፋቸው እንደ ደም የሚቀላ ፍሬ በል ወፎች ይኖራሉ። እነዚህ ፍሬውን ይውጣሉ፤ ሥጋው ሆዳቸው ውስጥ ይቀልጣል፣ ዘሩ ግን ሳይሰበር ሌላ ቦታ ይወድቃል፣ ይበቅላል። ማንም ሳይዘራው የበቀለውን «ወፍ ዘራሽ» የምንለው ለዚህ ነው። አባቶቻችን ይህን ሳይንስ ቃል ሰጥተው አስቀምጠውታል።

አሁን ማንበብና መጻፍ ተምረናል። ደብተሩ ለስምና ለፊርማ ብቻ እንዳይቀር ወፍም እንጻፍበት። ቀን፣ ቦታ፣ የወፉ ዓይነት፣ ብዛት፣ ምን ሲበላ እንደታየ፤ ይኸው ነው። የወፉን ስም መንደራችሁ በሚጠራው ጻፉት፤ በአፋን ኦሮሞም ቢሆን በአማርኛ ለውጥ የለውም። «ጥቅምት 4፤ ሐይቁ ዳር፤ እንግዳ ዳክዬ፤ 60» ብሎ የጻፈ ሰው፣ በሚመጣው ዓመት በዚያው ቀን ሄዶ 20 ብቻ ቢያገኝ ይጠይቃል፤ ውሃው ቀነሰ? ቄጠማው ታጨደ? እንግዳው ዘገየ? የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ማኅበር ነው፣ እንዲህ እየተመዘገበ በተሰበሰበ መረጃ እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ጠቃሚ የሆኑ 69 ቦታዎችን ዘርዝሮ አሳትሟል። የፊንጫና የጮመን ረግረግ ከእነዚያ አንዱ ነው።

ብዙ ወፍ እንዴት ይቆጠራል? አንድ በአንድ አይሞከርም፤ ይደናገራል። በመጀመሪያ 10 ወፍ ይቆጠር። 10ሩ የያዙትን ቦታ በዓይን መለካት ነው፤ እንደ ስንዝር። ከዚያ መንጋው በሙሉ ስንት ስንዝር እንደሚሆን መቁጠር ነው። 14 ስንዝር ከሆነ ወፉ 140 ያህል ነው። ሁለት ሰው ለየብቻው ቆጥሮ ቁጥሩን ያስተያይ። በጣም ከተራራቀ እንደገና ይቁጠሩ። ወፎቹ ከተነሡ ግን አያሳድዷቸው፤ በማግሥቱ ወፍ ሲንጫጫ ቢሄዱ እዚያው ያገኟቸዋል።